ቤት ውስጥ የሚያምረው ድምፄ ባንድ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል፤ ፒክአፕ ልቀይር?

ባለአራት_ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቤዝ ጊታሬ ጃዝ ቤዝ የሚባለው የፌንደር ሞዴል ቅርፅ ያላት ባለ 4 ክር ናት። ፓሲቭ ናት፣ ባትሪ የላትም። ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው)፣ ሁለት ቮልዩም፣ አንድ ቶን። ዋናዋ አይደለችም፣ በዋናዋ አምሳል የተሠራች ርካሽ ናት። ግን ኔኳ (አንገቷ) ጥሩ ነው፣ እጄም ለምዷታል፣ ስለዚህ ሌላ ቤዝ ግዛ እንዳትሉኝ። ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስጫወት ድምጿ ልብ ያጠፋል። ወፍራም፣ ጥርት ያለ፣ ከታች የሚያጉረመርም። አምፑ ላይ ቤዙን (ታችኛውን ድምፅ) ሽቅብ፣ ትሬብሉን (ላይኛውን) ሽቅብ፣ ሚዱን (መሃለኛውን) ቁልቁል አድርጌ ነው የምጫወተው። የፒክአፖቹ ቮልዩም ሁለቱም እስከ መጨረሻው ክፍት ነው።

ልምምድ ስንገባ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሁለት ጊታር፣ አንድ ኪቦርድና ድራም አለን። እኔ የለሁም ማለት ይቻላል። ባለፈው ሳምንት ድራመራችን ዘፈኑ መሃል አቁሞ «ቤዝ ገብቷል እንዴ?» አለ። ገብቼ ነበር እኮ! ከመጀመሪያው ጀምሮ! በንዴት ቮልዩም ጨመርኩ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ የስኔር ድራሙ ሽቦ ማንም ሳይነካው መንጫጫት ጀመረ፣ እኔ የምመታው ኖታ ግን አሁንም የትኛው እንደሆነ አይለይም። ጉምጉምታ ብቻ።

ያሰብኩት ሁለት ነገር ነው። ወይ ፒክአፖቹን በሲይሞር ዳንካን ወይም በባርቶሊኒ ፒክአፕ መቀየር፣ ወይ ሆዷ ውስጥ አክቲቭ ፕሪአምፕ (በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ) መክተት። የሊድ ካውያ በሕይወቴ ይዤ አላውቅም፣ ግን ቪዲዮ እያየሁ እሞክራለሁ። የቱን ላስቀድም? ክሮቹ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ እሱ ግን ያን ያህል ለውጥ ያመጣል ብዬ አላስብም።

መሃል_ሰፈር፦

ካቻቢቴውን ቁጭ አድርግ። ገና ምንም እንዳትፈታ።

መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። «ሚዱን ቁልቁል» አልክ አይደል? ይኸው ነው። ሁላችንም እዚያ አልፈናል፣ አትፈር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍቱ (ሳትጫነው የምትመታው) ወፍራሙ ኢ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ በሰከንድ 41 ንዝረት ማለት ነው። ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ 98። እነዚህ በጣም ዝቅ ያሉ ድምፆች ናቸው፣ ብዙ ስፒከርም በደንብ አያወጣቸውም። ጆሮህ «ይሄ ኢ ነው» ብሎ የሚለየው በአብዛኛው ከዋናው ድምፅ በላይ በሚደረደሩት ድምፆች ነው፤ 82፣ 123፣ 165 እያለ እስከ ብዙ መቶ ኸርዝ ይወጣል። አንተ ደግሞ እነሱን በሚድ ቁልፍ ቆርጠህ ጣልካቸው። የቀረህ ታች ያለው ጉምጉምታና ላይ ያለው የክር ጭረት ነው። ታች ኪክ ድራሙ አለ። ላይ ሲምባሉና ሁለቱ ጊታሮች አሉ። ባዶውን ወንበር ትተህ ሰው ጭን ላይ ነው የተቀመጥከው።

ቮልዩም ስትጨምር የሚጨምረው ያው መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ነገር ነው። ኖታው አይጨምርም።

በሚቀጥለው ልምምድ አምፑ ላይ ያሉትን ቁልፎች በሙሉ መሃል ላይ አድርጋቸው። ከዚያ ቤዙን ትንሽ ቀንስ፣ አዎ ቀንስ። ሚዱን ጨምር። የሚድህን ቦታ መምረጥ የምትችልበት ቁልፍ ካለህ ከ250 እስከ 500 ኸርዝ ያለው ሥጋ ይሰጥሃል፣ 700 እና 800 አካባቢ ያለው ደግሞ ጥርስ። ቤት ውስጥ ብቻህን ስትሰማው ያስጠላሃል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲዘፍን ይመስላል። አትንካው። የቤት ድምፅና የባንድ ድምፅ አንድ አይደሉም።

ሽቦ_ፈቺ፦

መሃል ሰፈር ያለው ልክ ነው፣ ግን «ፒክአፕ ለውጥ አያመጣም» የሚል ነገር እንዳይመጣ ቀድሜ ልናገር። ያመጣል። የርካሽ ቤዝ ፒክአፕ ቀይሬ በአንድ ምሽት ሌላ መሣሪያ የያዝኩ እስኪመስለኝ ድረስ ተገርሜ አውቃለሁ። ጥያቄው ያንተን ችግር ይፈታል ወይ ነው። ሚዱን ቆርጠህ እየተጫወትክ ምርጥ ፒክአፕ ብትገጥም ምርጥ ሚድ ቆርጠህ ትጥላለህ።

ስለ አክቲቭ ፕሪአምፕ ደግሞ። ሚውዚክ ማን እ.ኤ.አ. በ1976 ስቲንግሬይ የተባለውን ቤዝ ፕሪአምፕ ከውስጥ አድርጎ ሲያወጣ ሰው ያበደው በከንቱ አይደለም። ምልክቱ ይጠነክራል፣ ረጅም ኬብል ትሬብሉን አይበላብህም፣ ድምፁንም ከእጅህ ሥር ታስተካክላለህ። ግን ያንተ አምፕ ያው ቁልፎች አሉት። ባትሪው ደግሞ የሚያልቀው ሁልጊዜ መድረክ ላይ ነው፣ ቤት ውስጥ አልቆብኝ አያውቅም። ብዙዎቹ አክቲቭ ቤዞች ጃኩ ከገባ ባትሪ ይበላሉ፣ ስለዚህ ኬብሉን ሰክተህ ከተኛህ ጠዋት አትገረም።

አሁን ወደ ካውያው። ቪዲዮ አይተህ ብቻ ዋናዋ ቤዝህ ላይ አትጀምር። እኔ እንዲህ ነው የጀመርኩት፦ የቮልዩም ፖት (ከቁልፉ ሥር ያለው የሚዞረው ዕቃ) ጀርባ ላይ የመሬት ሽቦ ለመበየድ ካውያውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ደገፍኩበት። ሊዱ አልያዝ ሲለኝ ይበልጥ ደገፍኩ። ፖቱ ውስጡ ተጠበሰ፣ ከዚያ በኋላ ባዞርኩት ቁጥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። የፖቱን ጀርባ አስቀድሜ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ ባደርገው ኖሮ ሁለት ሦስት ሰከንድ በቂ ነበር።

የባሰው ግን እሱ አይደለም። ሁለት አዳዲስ ፒክአፕ ገጠምኩ። እያንዳንዱ ነጭና ጥቁር ሽቦ አለው። የአንዱን ገልብጬ በየድኩት። ለየብቻ ስከፍታቸው ሁለቱም ሸጋ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍት ድምፁ ሸሸ! ቤዙ ጠፋ፣ የቀረው እንደ ባዶ ጣሳ የሚጮህ ቀጭን ነገር ነው። ሁለት ወር ሙሉ «ፒክአፑ ውሸት ነው» እያልኩ ሰው ሁሉ ፊት አማሁት። ችግሩ አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ እርስ በርስ መጠፋፋታቸው ነበር። ሽቦዋን ብገለብጥ አምስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ከአንድ ጎን አይደለም፣ ከሁሉም ጎን።

ክር_ቀያሪዋ፦

«ክሮቹ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል» የሚለው ላይ ቡናዬ ትን አለኝ 😂

ወንድሜ፣ የምትጠቀመው ራውንድ ከሆነ፣ ማለትም ጣትህን ስታንሸራትት የሚቧጭረው ዓይነት፣ የሁለት ዓመት ክር ሞቷል። በጥምጥሙ መሃል ላብና የቆዳ ቅባት ገብቶ ክሩን ያከብደዋል፣ እኩል ደግሞ አያከብደውም። ቱኒንጉ 12ኛ ፍሬት (ኔኩ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች አንዱ) ላይ አልስማማ የሚልህም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ክሩን አውጥተው ውኃ ውስጥ የሚቀቅሉ አሉ። እኔም ቀቅያለሁ። ቆሻሻው ሲወጣ ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሞታል። ለቸገረው ይሆናል፣ በደንብ አድርቀህ ካልገጠምከው ግን ዝገት ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። የሞተ ክር ሁሉ መጥፎ አይደለም። የሞታውኑ ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን በ1962ቱ የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዙ ላይ ወፍራም የላ ቤላ ፍላት (ላዩ ለስላሳ የሆነ) ክር ነበረው፣ ካልተበጠሰም አይቀይረውም ይባላል። ፍላት ሲያረጅ ይበስላል። ራውንድ ሲያረጅ ግን እንዲያው ይደክማል። የዘ ሁ ባንድ ቤዚስት ጆን ኤንትዊስል በ1966 ከክር ሠሪው ሮቶሳውንድ ጋር ሆኖ ራውንዱን ያወጣው ቤዝ እንደ ፒያኖ ደወል እንዲል ፈልጎ ነው። አንተ የትኛውን ነው የምትፈልገው? እሱን ሳትመልስ ፒክአፕ አትግዛ። ፍላት ክር ቢሆን ጭረቱ ይጠፋል፣ ሚዱ ይወጣል፣ ባንድ ውስጥ ቦታውን ይይዛል።

ሌላው ነፃ ነገር የፒክአፕ ቁመት ነው። ማንም አይነካውም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አራቱንም ክር በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫን። ከፒክአፑ ብረት እስከ ክሩ ሥር ያለውን በማስመሪያ ለካ። በወፍራሙ ክር በኩል 3 ሚሊሜትር አካባቢ፣ በቀጭኑ በኩል 2.5 አካባቢ አድርገህ ጀምር፣ የቀረውን ጆሮህ ይጨርሰው። በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል፤ ኖታው ቶሎ ይሞታል፣ ኢ ክሩም ላይ እንደ ሰካራም የሚወዛወዝ ድምፅ ይመጣል። በጣም ከራቀ ደግሞ ድምፁ ይደክማል። ቪቷን ሩብ ዙር ብቻ እያዞርክ ስማ። ርካሽ ቤዞች ላይ የብሪጁ (ክሩ ታች የሚታሰርበት ድልድይ) ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ተቀብሮ ነው የሚመጣው፣ የኔም እንደዚያ ነበር።

ጋሽ_ግሩቭ፦

ልጆች፣ ስለ ጣት አንድም ሰው አላነሳም።

ጄመርሰን ያን ሁሉ ነገር የመታው በአንድ ጣት ነው። በጠቋሚው ብቻ። ከብሪጁ ሽፋን ሥር ስፖንጅ ነበረ፣ ክሩ ብዙ እንዳይጮህ። ባትሪ የለ፣ ፕሪአምፕ የለ።

ቤዚስቱን ጃኮ ፓስቶሪየስን ውሰዱ። ፍሬት የሌለው ጃዝ ቤዝ፣ በእንጨቱ ላይ ኤፖክሲ የተቀባበት፤ ራውንድ ክር ባዶ እንጨት ስለሚበላ ነው። ሰው ሁሉ ኤፖክሲውን ያወራል። እጁን ተመልከቱ እንጂ! ወደ ብሪጁ ተጠግቶ ነው የሚመታው፣ የሚያደላውም ለብሪጁ ፒክአፕ ነው። እዚያ ክሩ ደረቅ ነው፣ ድምፁ ይነክሳል፣ ጥቅጥቅ ባለ ሙዚቃ ውስጥም ይሰማል። ወደ ኔኩ ከሄድክ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ይሰፋል። ከኔክ እስከ ብሪጅ አንድ ስንዝር ተኩል የማትሞላ ቦታ ላይ ስንት ቤዝ አለ መሰላችሁ።

ባለአራት ክር፣ አውራ ጣትህን የት ነው የምታሳርፈው?

ባለአራት_ክር፦

ጋሼ፣ እርስዎ እስኪጠይቁኝ ድረስ አስቤው አላውቅም። የኔክ ፒክአፕ ላይ ነው፣ ሁልጊዜ። አንዴም ተንቀሳቅሼ አላውቅም።

እሺ። ያላችሁትን ሁሉ በአንዴ ከሞከርኩ የቱ እንደሠራ አላውቅም ብዬ አንድ በአንድ ልሄድ ነው። ትናንት ልምምድ ነበረን። ክር አልቀየርኩም፣ ፒክአፕም አልነካሁም። አምፑን መሃል ላይ አድርጌ ሚዱን ጨመርኩ፣ ቤዙን ቀነስኩ። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ልተወው ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ድምፄን ጠላሁት። አፍንጫው የተደፈነ ነገር። ከዚያ ሁሉም ሲገባ በቃ... ነበርኩ። እያንዳንዱን ኖታ እሰማለሁ። ድራመሩ ምንም አላለም፣ ግን ኪኩን ከኔ ጋር መምታት ጀመረ። እስከዛሬ ከጊታሩ ጋር ነበር የሚሄደው ለካ! ቮልዩሜ ደግሞ ከበፊቱ ያነሰ ነው።

መጥፎው ዜና፦ ድምፄ ሲሰማ ስህተቴም ይሰማል። ኪቦርዲስታችን «ሁለተኛው ኮርድ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምትጫወተው?» ብሎኛል። አዎ። ሁልጊዜ።

አሁን ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ጋሼ እንዳሉት ወደ ብሪጁ ፒክአፕ ላደላ ብዬ የኔኩን ቮልዩም ቀነስኩ። ድምፁ ወዲያው ወደፊት መጣ፣ በጣም ወደድኩት። ግን አብሮ «ዝዝዝዝ» የሚል ነገር መጣ። ሁለቱንም እኩል ስከፍት ይጠፋል። ክሩን ስነካ ይቀንሳል። ተበላሽቶብኝ ነው?

ሽቦ_ፈቺ፦

አልተበላሸም፣ ጃዝ ቤዝ ሲፈጠርም እንዲህ ነው። ክሩን ስትነካ ከቀነሰ የመሬት ሽቦህም ደህና ነው ማለት ነው።

እያንዳንዱ ፒክአፕ አንድ ጥቅል ሽቦ ነው፣ ሽቦ ደግሞ እንደ አንቴና ከመብራቱም ከትራንስፎርመሩም ዝዝታ ይሰበስባል። ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙ ናቸው፣ ማግኔታቸውም ተቃራኒ ነው። ስለዚህ እኩል ሲከፈቱ የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ዝዝታው ይጠፋፋል። አንዱን ስትቀንስ ሚዛኑ ይፈርሳል። ፕሪሲዥን ቤዝ ላይ ከ1957 ጀምሮ ያለው ለሁለት የተከፈለው ፒክአፕ ይህንኑ ብልሃት ብቻውን ይሠራዋል፣ ለዚያ ነው የማይጮኸው።

ስለ ሚድህ ሌላ ነገር ልንገርህ፣ እስካሁን ማናችንም አላነሳነውም። ሁለቱን ፒክአፕ እኩል ስትከፍት ራሱ ሚዱ ይጎድላል። ሁለቱ አንዱን ክር ከተለያየ ቦታ ነው የሚሰሙት፣ ከመሃለኛዎቹ ድምፆች አንዳንዶቹ ተቃራኒ ሆነው ይደርሱና እርስ በርስ ይዋዋጣሉ። ያ ነው ያ የሚያምረው፣ የሚያብረቀርቀው የጃዝ ቤዝ ድምፅ። ለስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ ለመጫወት) አንደኛ ነው። አንተ ግን በዚያ ላይ አምፑ ላይም ሚድ ትቆርጥ ነበር። ሁለት ጊዜ!

ስለዚህ እጅህ ካሳከከህና የግድ የሆነ ነገር መበየድ ካለብህ፣ ፒክአፕ ሳትገዛ የምትሠራው አለ። አንዱን የቮልዩም ፖት አውጣና ወደላይ የሚሳብ ስዊች ባለው ፖት ቀይረው። ያው 250 ኪሎ ኦም ይሁን። ወደታች ሲሆን ሁለቱ ፒክአፖች እንደወትሮው ጎን ለጎን ይሠራሉ። ስትስበው አንዱ ከሌላው ኋላ ይሰለፋል፤ የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ይሆናል። ድምፁ ይጎላል፣ ሚዱ ይወፍራል፣ ወደ ፕሪሲዥን ቤዝ ጠጋ ይላል፣ ዝዝታውም አይመለስም። ኪሳራው ሲሳብ ሁለቱ እንደ አንድ ፒክአፕ ስለሚሆኑ አንዱ ቮልዩም ብቻ ነው የሚያዝዘው፣ በዚያ መሃል መቀላቀል የለም። አንድ ፖት፣ ጥቂት ሽቦ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል።

ሌላው ዝዝታውን የሚቀንሰው ሽቦዎቹ ያሉበትን የቤዟን ጉድጓድ በመዳብ ቴፕ ማልበስ ነው። ቴፑ እርስ በርሱ መነካካት አለበት፣ ከመሬት ሽቦውም ጋር። ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፣ ግን ያስታግሰዋል። ጃኩ ጋ ስትደርስ ተጠንቀቅ፣ የጃኩ ጫፍ መዳቡን ከነካ ድምፅ የለም፣ «ቤዝ ገብቷል እንዴ?» ይመለሳል።

መሃል_ሰፈር፦

ይሄን የስዊች ነገር እኔም ልሠራው ነው። የቶን ቁልፉን ካፓሲተርስ (ትሬብሉን የሚቆርጠውን ዕቃ) አብረን ብንቀይር? ውድ የዘይት ካፓሲተር ሰው ሁሉ ያደንቃል።

ሽቦ_ፈቺ፦

ተወው። 0.047 ማይክሮፋራድ ከሆነ 0.047 ነው። ከዘይት ይሁን ከፕላስቲክ ቶኑን ስትዘጋ የሚቆርጠው ያው ነው። ቁጥሩን ብትቀይር ይገባኛል፣ ልብሱን ለመቀየር ግን ካውያ አላሞቅም።

ክር_ቀያሪዋ፦

እዚህ ላይ ይሄን ክፍል ለብቻው ክፈቱት፣ ሦስት ቀን ያጣላል 😂

ባለአራት ክር፣ ክሩስ?

ባለአራት_ክር፦

እህቴ ተሸንፌያለሁ። ክሮቹን ሳወጣቸው ጥቁር ሆነዋል፣ ኢ ክሩን በነጭ ጨርቅ ብጠርገው ጨርቁ የቡና ማጣሪያ መሰለ። ፍላት ገጠምኩ። ፍላቱ ከድሮው ስለሚከብድ ኔኩ ትንሽ ጎበጠ፣ ትረስ ሮዱን (ኔኩ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) ሩብ ዙር አጠበቅኩና አንድ ሌሊት አሳደርኩት፣ አሁን ደህና ነው። የብሪጁ ፒክአፕ በእርግጥም ተቀብሮ ነበር፣ 5 ሚሊሜትር! አወጣሁት።

ጋሼ፣ አውራ ጣቴን ወደ ብሪጁ ፒክአፕ አዛውሬአለሁ። እጄ መንገዱን ይረሳና በየሁለት ዘፈኑ ወደ ኔኩ ይመለሳል።

ፖቱን አግኝቻለሁ። ካውያውን ተውሼ አሮጌ ሬዲዮ ላይ አርባ ጊዜ ያህል በይጄ ፈትቼ ተለማመድኩ። ነገ ቤዟን እከፍታለሁ። ፎቶ አንስቻለሁ፣ ይኸው ከላይ አያይዤዋለሁ።

ሽቦ_ፈቺ፦

የኔክ ፒክአፑ ጥቁር ሽቦ የት እንደሚሄድ ፎቶው ላይ አይታይም፣ ጣትህ ሸፍኖታል። እንደገና አንሳው።